ከበሬ ኮቴ የቀለለ ታንክ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ከረሙ? እነዋሪ የማስተምር መምህርት ነኝ። ወንድሜ ኮሎራዶ በሚባለው የአሜሪካ ግዛት ከባድ መኪና ይነዳል። በቅርቡ በግዛቱ ደቡብ ምሥራቅ ሲያልፍ አንድ ከብት አርቢ አጥር ላይ «ይህ መሬት ለጦሩ አይሸጥም» የሚል ያረጀ ታፔላ አይቶ ፎቶውን ላከልን። ሲያጣራ፣ ጦሩ የታንክ መለማመጃውን ሊያሰፋ ፈልጎ «በአካባቢ ግምገማ ምክንያት ቀረ» አሉት። ይህን ለአባቴ ስነግረው ሳቀና «መንግሥት የፈለገው መሬት ደግሞ በወረቀት ይቆማል?» አለ። ወንድሜ በበኩሉ «ታንክ ቢያልፍበት ምን ይሆናል? ሣር አይደል፣ መልሶ ይበቅላል» ይላል። ሁለቱን ያስታርቁልኝ። ደግሞስ ነገሩ እኛ አገር ቢሆን ኖሮ?
ወ.፣ ከእነዋሪ

መልስ፦ ከወንድምሽ ልጀምር። እኔም በልጅነቴ እንደሱ ነበር የማስበው።

የተወለድኩት እዚያው ጅሩ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነኝ መንገድ ይሠራ የነበረ ዶዘር፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ አላሳልፍ ቢለው በነሐሴ አጋማሽ የአባቴን ማሳ አቋርጦ ሄደ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለፈው፤ በዚያ በኩል አልተመለሰም። ካሳ የሚባል ቃል ያነሣ ሰውም አልነበረም። ወርዱ አራት እርምጃ የማይሞላ ቀበቶ ትቶልን ሄደ። በዓመቱ የሌላው ማሳ ስንዴ ሲያሸት የቀበቶው ስንዴ ቢጫ ሆኖ ከጉልበት በታች ቀረ። ክረምት በገባ ቁጥር ውሃ ይተኛበታል። በሬ ጠምደን እዚያ ስንደርስ ማረሻው ይዘላል፤ አባቴ ጅራፉን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ እርፉን በሁለት እጁ ይጫን ነበር። እኛ ልጆቹ «የዶዘር መንገድ» እንለው ነበር፤ እሱ ግን ስሙን አንድም ቀን አልጠራውም።

ኋላ የአፈር ሠራተኛ ሆኜ ግብርና ስቀጠር ያንን ቀበቶ ራሴ ቆፈርኩት። ሃያ ዓመት ገደማ አልፎት ነበር። የላይኛው ስንዝር ተኩል ጤነኛ ነው፤ መረሬ (ጥቁሩ የሸክላ አፈር) በበጋ እየተሰነጠቀ በክረምት እያበጠ ራሱን በራሱ ያርሳልና። ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ ክንድ ሳይሞላ፣ ቢላዋ የማይበሳው ድርብርብ እንደ ተሰበረ ምጣድ ተነባብሮ አገኘሁት። የስንዴው ሥር እዚያ ሲደርስ ወደ ጎን ይታጠፋል። ከላይ ለሚያየው ሰው ማሳው ድኗል። ወንድምሽ ከመኪናው መስኮት ያየውም ይህንን ይመስለኛል።

አሁን የታንኩን ነገር ላምጣው። በደርግ ዘመን እኛ አገር የታወቀው ቲ-55 ክብደቱ 36 ቶን ነው። ሰንሰለቱ ሰፊና ረጅም ስለሆነ ግን በእያንዳንዷ ካሬ ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ የሚያርፈው 0.8 ኪሎ ገደማ ነው። የጅሩ ሰንጋ፣ ያ ለፋሲካ የሚቀለበው፣ ዝም ብሎ ቢቆም እንኳ በኮቴው ከዚህ በልጦ ይጫናል። ስለዚህ የታንክ ሰው «እኔ ከበሬ እቀላለሁ» ቢልሽ አልዋሸም። ነገር ግን ያልነገረሽ ሦስት ጉዳይ አለ። የበሬው ጫና ስንዝር ሳይወርድ ይበተናል፤ የሠላሳ ስድስት ቶኑ ጫና ግን የቆመበት ስፍራ ሰፊ በመሆኑ ማረሻ የማይደርስበት ጥልቀት ድረስ ይወርዳል። ሁለተኛው መታጠፉ ነው። ታንክ መሪ አዙሮ እንደ መኪና አይታጠፍም፤ አንዱን ሰንሰለት ይዞ ሌላውን ስለሚነዳ ሣሩን ከነሥሩ ይገፈዋል። ቀጥ ብሎ የሄደበትንና የዞረበትን ቦታ ጎን ለጎን ያየ ሰው ልዩነቱን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልገውም።

ሦስተኛውና ለኔ ዋናው ወሩ ነው። ደረቅ አፈር ይሸከማል፣ እርጥብ አፈር ይጠቀጠቃል። ያ ዶዘር በጥር ቢያልፍ ኖሮ አባቴ ምናልባት ዱካውን በአንድ እርሻ ያጠፋው ነበር። ከጉዳቱ የሚበልጠውን ደግሞ የመጀመሪያው ማለፍ ነው የሚያደርሰው፤ አሥረኛው የሚጨምረው ከመጀመሪያው ያንሳል። «አንዴ ብቻ ነው ያለፍነው» የሚለው ማስተባበያ አፈር ላይ የማይሠራው ለዚህ ነው።

«መልሶ ይበቅላል» ለሚለው ወንድምሽ፣ እዚያው አሜሪካ ሞሃቬ በረሃ አለለት። ከ1942 እስከ 1944 (እ.ኤ.አ.) ጄኔራል ፓተን የጀመረው የበረሃ ጦር ማሠልጠኛ እዚያ ነበር። የታንኮቹ ዱካ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላም ይታይ ነበር። ዝናብ ያጣ መሬት ቁስሉ ቶሎ አይሽርም።

ወደ አባትሽ ልለፍ። አባትሽ ግማሹን ልክ ናቸው።

ታፔላው የተተከለበት አካባቢ ፒንየን ካንየን ይባላል። ጦሩ እ.ኤ.አ. በ1983 እዚያ 95 ሺህ ሄክታር ገደማ ያዘ፤ ከባለመሬቶቹ አንዳንዶቹ ወደው ሸጡ፣ ሌሎቹ በሕግ ተገደው ለቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2007 ደግሞ ሌላ 170 ሺህ ሄክታር ገደማ የመጨመር ሐሳብ መጣ። አርቢዎቹ በአባቶቻቸው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ፣ የታረሰው ሜዳ ተነሥቶ ሰማዩን በአቧራ ሲያጨልም ያየ አገር ልጆች ናቸው። ሣር የለበሰ መሬት ሲገፈፍ ምን እንደሚመጣ ለነሱ መንገር ለጅሩ ሰው ስለ ጭቃ እንደማስተማር ነው። ያንን ታፔላ በየአጥሩ ሰቀሉ። የግዛቱ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 መሬት በግዳጅ እንዳይወሰድ የሚከለክል ሕግ አወጣ፤ የአገሪቱ ኮንግረስም በዚያው ዓመት ለማስፋፊያው ገንዘብ እንዳይወጣ አገደ። በመጨረሻ ጦሩ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 ዕቅዱን መተዉን አስታወቀ። ስለዚህ ለወንድምሽ የነገሩት ጎዶሎ ነው። ማስፋፊያውን ያስቀረው ገንዘብና ፖለቲካ ነው፤ አባትሽ እንዳሉት ወረቀት ብቻውን አላቆመውም።

ይሁን እንጂ የወረቀቱም ቀን ነበረው። ጦሩ አስቀድሞ በያዘው መሬት ላይ ልምምዱን ለማብዛት የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት አዘጋጅቶ ነበር። አርቢዎቹ ከሰሱ፤ የማኅበራቸው ስም «አንድም ኤከር አይጨመርም» እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2009 ዳኛ ሪቻርድ ማትሽ የጦሩን ውሳኔ ሻሩት። ዳኛው «ጦር አይለማመድ» አላሉም። ልምምዱ ሲበዛ ያ አፈርና ያ ሣር ይችለው እንደሆነ በቅጡ አላሳያችሁም ነው ያሉት። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1970 ጀምሮ የሚሠራበት የአገሪቱ የአካባቢ ሕግ አጥፊውን ሐሳብ እንድትተይው አያስገድድም። ከመወሰንሽ በፊት እንድታይ፣ ሌላ አማራጭ እንድታቀርቢ (ጭራሽ አለማድረግን ጨምሮ)፣ የሰዉን አስተያየት እንድትጠይቂ ነው የሚያስገድደው። ትንሽ ነገር ይመስላል። ያ የዶዘር ሹፌር ግን ከማለፉ በፊት ወርዶ አባቴን «ይህ ማሳ በነሐሴ ይችለኛል?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ በላይኛው ቋጥኝ በኩል እንዲዞር ይነገረው ነበር። ልዩነቱ ሁለት መቶ እርምጃ ነበር።

እዚያ አገር ከገረመኝ ነገር አንዱን ልጨምርልሽ። ከዚያ ጦር መሬት አጠገብ በፐርጋቶር ወንዝ ዳር 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናቸው፣ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ የዳይኖሰር ዱካዎች ድንጋይ ላይ ታትመው ይገኛሉ። እንስሳቱ ጭቃ ላይ ነው የረገጡት። ወንድምሽ እንደገና በዚያ ካለፈ እሱን ፎቶ ያንሣልን፤ ታፔላውን አይተነዋል።

«እኛ አገር ቢሆንስ?» ላልሽው፣ በመጀመሪያ ታፔላው ራሱ አይሠራም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። አባትሽ «አልሸጥም» ማለት አይችሉም፤ ከመጀመሪያውም የሚሸጡት አልነበረም። የኛ ገበሬ ጉልበት ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ሳይጠየቅና ሳይካስ አለመነሣት ላይ። አንቀጽ 43 እና 92 ሕዝቡ በሚነካው ፕሮጀክት ላይ እንዲመክር መብት ይሰጡታል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ተገልጦ አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል። በአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ውሳኔ ያልተስማማ ሰው ለዚያው መሥሪያ ቤት ኃላፊ አቤት ይላል፤ ኃላፊው በ30 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት።

መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ደግሞ አዋጅ 1161/2011 አለ። ተነሺዎቹን ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ማማከር ግድ ነው፤ ልማቱ አስቸኳይ ከተባለ ግን ጊዜው ሊያጥር ይችላል። ይቺን «አስቸኳይ» የምትል ቃል አስምሩባት። ለዘለቄታው የሚነሣና ምትክ መሬት ያላገኘ ገበሬ የሚከፈለው ካሳ፣ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው የአንድ ዓመት ገቢ በ15 ተባዝቶ ነው። ስለዚህ ገበሬ የምርቱን ማስታወሻ ይያዝ እላለሁ፤ ስንት ኩንታል ስንዴ፣ ስንት ሸክም ገለባ፣ የትኛው ዓመት። እነዋሪ ላይ ሴቱና ልጁ ውሃ እንዳይተኛበት በእጁ አፈር እየዛቀ የሚያወጣው ከፍ ያለ የእርሻ መደብ በማንም መዝገብ ላይ የለም፤ ያን ሁሉ ድካም የሚመሰክረው ምርቱ ብቻ ነው። አንቺ መምህርት ነሽ፣ ደብተር አታጪም።

ጥያቄ፦ አሜሪካኖች የታንክ መለማመጃውን በየተራ ያሳርፉታል ሲባል ሰማሁ። ይህ ከእኛ ጓሳ በምን ይለያል?
ከመሐል ሜዳ

መልስ፦ ሐሳቡ አንድ ነው። እዚያ የተገፈፈውን መልሰው ዘር ይዘሩበታል፣ አንዱን ክፍል አሳርፈው በሌላው ይለማመዳሉ። የመንዝ ሰው ጓሳ የተባለውን የሣር ሜዳ በቄሮ ሥርዓት (ሣሩን በጋራ በሚጠብቅበት የቆየ ደንብ) ከአሥራ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲጠብቀው፣ አንዳንዴ ሦስትና አራት ዓመት በተከታታይ ዘግቶ የሣር ቤቱን ክዳን የሚያጭደው ሣሩ ሲደርስ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ዛሬ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ያሉበት ያ ሜዳ በማኅበረሰቡ ጥብቅ ስፍራነት ተይዟል።

ልዩነቱ የሚዘጋው ሰው ላይ ነው። ጓሳን የሚዘጋው፣ ሣር ያለቀ እንደሆነ ቤቱ የሚያፈስበት ሰው ነበር። መለማመጃውን የሚዘጋና የሚከፍተው የብርጌድ መርሐ ግብር ነው፤ አዛዡ በሁለት ዓመት ሌላ ቦታ ይዛወራል። ኮሎራዶ ላይ የነበረውም ጭቅጭቅ ዞሮ ዞሮ ይኸው ነበር፦ ልምምዱ ሲበዛ መሬቱ መቼ ያርፋል?

ጥያቄ፦ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናቱን የሚያዘጋጀው ባለ ፕሮጀክቱ ራሱ ከሆነ ምን ዋጋ አለው? እኔ እንደ ተማሪ ሪፖርቱ ቢሰጠኝ ደካማ መሆኑን በምን አውቃለሁ?
ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ አዎ፣ እዚያም እዚህም ባለ ፕሮጀክቱ ነው የሚያስጠናው፤ በእኛም አዋጅ ባለሙያ ቀጥሮ ወጪውን የሚችለው እሱ ነው። ስለዚህ ከመግቢያው አትጀምር፣ መግቢያ ሁሉም ያምራል። መጀመሪያ የአማራጮችን ምዕራፍ ግለጥ። አማራጭ የተባሉት ሁለቱ ሆን ተብሎ እንዲወድቁ የተጻፉ ከሆነ ታውቃቸዋለህ፤ አንዱ በጣም ውድ፣ ሌላው በጣም ሩቅ ነው። ቀጥሎ የመስክ ጉብኝቱን ቀን ፈልግ። ጥር ወይም የካቲት ከሆነ፣ አጥኚው ያየው የተሰነጠቀ ደረቅ መሬት ነው፤ መኪናውም ሳይሰምጥ ገብቶ ወጥቷል። የነሐሴው የት አለ ብለህ ጻፍ። አካፋና ቦቲ ጫማ ካለህም ራስህ ሄደህ ክንድ ድረስ ቆፍር፤ ለባለማሳው አስቀድመህ ንገረው፣ ጉድጓዱንም መልሰህ ድፈነው።