ቦሎቄዬ ሥሩ ላይ እባጭ የለውም፤ ሆርሞን ልርጭበት?

ጥያቄ፦ ቦሎቄ ከዘራሁ አምስት ሳምንት ሆነ። ዩሪያ ስለሰጠሁት ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ነቅዬ ሳየው ግን ሥሩ ላይ እባጭ (ባክቴሪያ ከአየር ናይትሮጅን የሚያዘጋጅበት ትንሽ ጉብታ) የለም ማለት ይቻላል። ሳይቶካይኒን የተባለ የተክል ሆርሞን እባጭ እንደሚያበዛ አንብቤአለሁ። ብረጨው ይጠቅመኛል?

መልስ፦ አይርጩ። ሳይቶካይኒን እባጭ ያስጀምራል የተባለው እውነት ነው፤ ግን ቦታና ጊዜ አለው። ሥሩ ፍላቮኖይድ የተባለ ኬሚካል ያመነጫል፤ እባጩ ውስጥ የሚኖረው ራይዞቢየም ባክቴሪያም ኖድ ፋክተር በተባለ ምልክት ይመልሳል፤ ከዚያ የሥሩ ፀጉር ተጠምዞ ባክቴሪያውን ያስገባል። በዚያች ነጥብ፣ ከሥሩ ቆዳ ቀጥሎ ባለው ክፍል፣ ሳይቶካይኒን ይነሳል፣ ኦክሲን የተባለ ሌላ ሆርሞን ይከማቻል፣ ሕዋሳቱም መከፋፈል ይጀምራሉ። ተክሉን በሙሉ በሆርሞን ማራስ ይህን አይተካም። የሳይቶካይኒን ተቀባዩ (ሆርሞኑን የሚለየው ፕሮቲን) ሳያቋርጥ እንዲሠራ የተለወጠ ሎተስ የተባለ ተክል ያለ ባክቴሪያ እባጭ አውጥቷል፤ ባዶ እባጭ ስለሆነ ግን ናይትሮጅን አይሰጥም። ይባስ ብሎ፣ ሥር ላይ የበዛ ሳይቶካይኒን ኤቲሊን የተባለውን ጋዝ ሆርሞን ይቀሰቅሳል።

እባጭን ከሚገቱት ልጓሞች አንዱ ደግሞ ኤቲሊን ነው። ኤቲሊን የማይሰማው ሜዲካጎ የተባለ እባጭ አውጪ ተክል ከጤነኛው አሥር እጥፍ ገደማ እባጭ ያወጣል። ውሃ የተኛበት አፈር ውስጥ ጋዙ መውጫ ስለሚያጣ ሥሩ ዙሪያ ይታፈናል፤ ማሳዎ ውሃ የሚቋጥር ከሆነ መጀመሪያ ያጠንፍፉት።

እርስዎ ዘንድ ግን ዋናው ተጠርጣሪ ዩሪያው ነው። አፈር ውስጥ ወደ ናይትሬት ሲለወጥ፣ ተክሉ «ናይትሮጅን አለኝ» ብሎ ሲኤልኢ በተባሉ አጫጭር ፕሮቲኖች አማካይነት አዲስ እባጭ ያግዳል። ተክሉ እባጭ ሲበዛበትም ራሱን የሚገታው በዚሁ ዓይነት ፕሮቲኖች ነው፦ ከሥር ወደ ቅጠል ይሄዳሉ፣ ከቅጠል «ይብቃ» የሚል ትእዛዝ ይመለሳል።

ምርመራውንም ይድገሙት፤ ሲነቀል እባጩ አፈር ውስጥ ይቀራል። ዙሪያውን በአካፋ ቆፍረው ከነአፈሩ ያውጡ፣ ባልዲ ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉና ቀስ ብለው ይጠቡ። እባጩን በምላጭ ይሰንጥቁ፦ ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ይሠራል፣ ነጭ ከሆነ አይሠራም ወይም ገና ነው፣ አረንጓዴ ከሆነ አርጅቷል። በጣት ሲነካ የማይላቀቅ፣ ሥሩ ራሱ ያበጠበት ከሆነ የኔማቶድ (ሥር የሚያጠቃ ጥቃቅን ትል) ጉዳት እንጂ እባጭ አይደለም።

ዘንድሮ ዩሪያ አይጨምሩ፤ እባጭ ሳይኖር ቅጠሉ መገርጣት ከጀመረ ግን ተክሉን አያስርቡት። ለሚቀጥለው ዘር ለቦሎቄ የተዘጋጀ ራይዞቢየም ይጠቀሙ፤ የአኩሪ አተሩ አይሆነውም። ጥላ ሥር ከዘሩ ጋር ይለውሱት፣ በዚያው ቀን ይዝሩ፣ ከፀረ ፈንገስ ጋር አይቀላቅሉት። ፎስፈረስም አይርሱ፤ እባጭ ብዙ ይፈልጋል።