ስለ ክፍል ጓደኞቼ ልጽፍ ተቀምጬ ከሁሉም ጋር ተጣላሁ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። በካቶሊክ የወንዶች ትምህርት ቤት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። በምረቃ መጽሔታችን ከእያንዳንዱ ተመራቂ ፎቶ ሥር ስለ ልጁ አጭር ማስታወሻ ይወጣል። ልጆቹ ስለ ራሳቸው አይጽፉም፤ ስለ ሁሉም የምጽፈው እኔ ነኝ። ክፍሉ በድምፅ መርጦኝ ነው። አሁን ቁም ስቅሌን የሚያሳዩኝ እነዚያው የመረጡኝ ልጆች ናቸው።

46 ነን። ለእያንዳንዱ 120 ቃል ያህል መድበን ነበር። አንዱ አጠረብኝ ይላል። አንዱ የጓደኛውን ረቂቅ ከእጄ ነጥቆ ያነብና «የእሱ ለምን በለጠ?» ይለኛል። «ጎበዝ፣ ትሑትና ተግባቢ» ብዬ የጻፍኩለት ልጅ «ይህ እኮ ለማንም ይሆናል» ብሎ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ጥሎልኝ ሄደ። የኳስ ቡድኑ ልጆች ተሰብስበው መጥተው ቀልድ ካልገባበት አንቀበልም አሉ። የነገሩኝን ቀልድ ሰምቼ እኔ ራሴ አልሳቅሁም፤ ቀልዱ በተወለደበት ጉዞ አብሬያቸው አልነበርኩማ። ፈተና እየደረሰ ምሽቴን በእነሱ ጉዳይ እያቃጠልኩ፣ አመሰግናለሁ ያለኝ አንድም ሰው የለም።

በዚህ ላይ ብራዘር (የትምህርት ቤቱ መነኩሴ) አለ። መጽሔቱን የሚከታተለው እሱ ነው፤ ረቂቁን በቀይ እስክሪብቶ ሞልቶ ይመልስልኛል። ስለ አንዱ ልጅ «ሒሳብ ወድቆ ክፍል ከደገመ በኋላ እንደገና የተነሣ» ብዬ በአድናቆት ጻፍኩ፤ ሰረዘው። ስለ ሌላው «ከመካከላችን ካህን የሚሆነው እሱ ነው» አልኩ፤ ያንንም ሰረዘው። ሁለቱም እውነት ናቸው፣ ሁሉም ያውቃቸዋል። እውነቱ እየተሰረዘ፣ ሙገሳው እየተናቀ፣ እኔ ምን ልጻፍ? ትቼው ልውጣ ብዬ ሁለት ጊዜ አስቤያለሁ።

አሁን ያልነካሁት አንድ ልጅ ብቻ ነው የቀረኝ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለን በትምህርት ቤቱ ቅዳሴ ንባብ ሲያነብ አንድ ቃል ተበላሸበት፤ ያ የተበላሸው ቃል ስሙ ሆኖ ቀረ። እስከ ዛሬ ሁሉም የሚጠራው በሱ ነው፣ እሱም ሲጠሩት ይስቃል። ልጆቹ ማስታወሻው በዚያ ስም እንዲጀምር ይፈልጋሉ፤ ያለሱ መጽሔቱ የእኛ አይመስልም ይላሉ። ለሁሉም ባደልነው ቅጽ ላይ ሙሉ ስሙን፣ የሚወደውን ትምህርትና ወደፊት መሆን የሚፈልገውን ሞልቷል፤ «ቅጽል ስም» የሚለውን ብቻ ባዶ ትቶታል፣ ረስቶት ይሆናል። እውነቱን ለመናገር ስለ እሱ ከዚህ ስም ሌላ የማውቀው የለኝም። ላስገባው ወይስ ልተወው?

መልስ፦

ወንድሜ፣ አልረሳውም።

ከላይ ያለውን ሞልቶ፣ ከታች ያለውን ሞልቶ፣ መካከል ያለችውን አንዲት መስመር የዘለለ ልጅ መልሱን ሰጥቷችኋል። ሲጠሩት መሳቁን እንደ ፈቃድ ቆጥራችሁበታል። በመተላለፊያው ላይ የክፍሉ ልጅ ሁሉ በአንድ ስም ሲጠራው ከመሳቅና ከመጣላት በቀር ምን ምርጫ ነበረው? ቅጹን ሲሞላ ግን ሊስቅለት የሚገባ ሰው አጠገቡ አልነበረም። ስለዚህ ያ ስም አይገባም። በርዕስ አይገባም፣ በመካከል አይገባም፣ «በፍቅር እንዲህ የምንለው» ተብሎ ተሸፋፍኖም አይገባም። በቡድን ፎቶዎች ሥር ያሉትን መግለጫዎች አንተው ራስህ አንብባቸው፤ ከማስታወሻው የወጣ ነገር ብዙ ጊዜ ተመልሶ የሚገባው በእነሱ በኩል ነው፣ ምክንያቱም በመጨረሻው ሰዓት በሌላ ሰው እጅ ይጻፋሉ።

ሄደህ «ይግባ ወይ?» ብለህም አትጠይቀው። «ኧረ ችግር የለውም» ይልሃል፤ አንተም ያንን ይዘህ ታትመዋለህ። የኳስ ቡድኑ ልጆች ለምን ቀረ ሲሉህ ደግሞ «እሱ አልፈለገም» እንዳትል፤ ሸክሙን መልሰህ እሱው ላይ መጫን ነው። «በዚህ መጽሔት ሰው የሚጠራው ቅጹ ላይ በሞላው ስም ነው» በላቸው፤ ደንቡም ለ46ታችሁ እኩል ይሥራ። ቅጽል ስሙን ወዶ የሞላ ልጅ ካለ ይግባለት።

የተቆጣሁት ግን በዚህ አይደለም። «ከዚህ ስም ሌላ የማውቀው የለኝም» ብለሃል። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ጸሎት ቤት፣ በአንድ ሜዳ! ስሙ ያን ያህል ሸፍኖታል ማለት ነው፤ ለእኔ ስሙን ለማስቀረት ከሁሉም የበለጠው ምክንያት ይኸው ነው። አሁን ሄደህ እወቀው።

በሱባኤ ጊዜ ተምራችሁት ይሆናል፤ ቅዱስ ኢግናጢዮስ ዘሎዮላ የወንጌልን ታሪክ ለማሰላሰል ያስቀመጠው ቅደም ተከተል አለ። መጀመሪያ ሰዎቹን ማየት፣ ቀጥሎ የሚሉትን መስማት፣ ከዚያ የሚያደርጉትን ማስተዋል። ስለ ሰው ለመጻፍም ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። የት ይቀመጣል? በዕረፍት ሰዓት ማን ወደ እሱ ይመጣል? ደጋግሞ የሚላት ዓረፍተ ነገር የትኛዋ ናት? ደወል ሲደወል መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው?

ከዚያ ሦስት ሰው ጠይቅ፤ ስሙን ካወጡለት ልጆች መካከል ግን አንዱንም አትጨምር። የቤተ ሙከራ አጣማሪውን፣ የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ ወይም ጸሎት ቤቱን የሚያሰናዳውን ሰው፣ ከእናንተ በታች ካሉት ክፍሎች ደግሞ አንድ ልጅ። አሥር አሥር ደቂቃ ይበቃል። «ምን ዓይነት ልጅ ነው?» ብለህ ከጠየቅህ የምታገኘው «ጥሩ ልጅ ነው» የሚል ብቻ ነው። «መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው? ምን ሲያደርግ?» በል። በዚህ ጥያቄ ሰው ያየውን ይነግርሃል፤ ከሙከራው በኋላ ብልቃጦቹን ማን አጥቦ እንደሚመልስ፣ ለታመመው ልጅ ደብተሩን ማን እንደገለበጠለት የምትሰማው እንዲህ ስትጠይቅ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አጣራ። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ አትሮንሱ ተመልሶ አንብቦ ያውቃል? ተመልሶ ከሆነ ማስታወሻህን አገኘህ፤ ስለ ስሕተቱ አንድም ቃል ሳታነሣ፣ ቆሞ እንዴት እንደሚያነብ ጻፍ። ካልተመለሰ ለመጽሔቱ የሚሆን ነገር የለውም። ለእናንተ ለክፍል ጓደኞቹ ግን ጉዳያችሁ ነው፤ ከመመረቃችሁ በፊት የሚቀደስ ቅዳሴ ካለ፣ ንባቡን ለእሱ እንዲሰጥ ብራዘርን ለብቻው አናግረው። እሱ አልፈልግም ካለ አትገፋፉት።

ብራዘር ሁለቱንም መሰረዙ ልክ ነው፤ በዚህ ከአንተ ጋር አልቆምም። የመምህራን ጠባቂ የሚባለው ቅዱስ ዮሐንስ ባፕቲስት ዴ ላ ሳል ላቋቋመው የመምህራን ወንድሞች ማኅበር ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1720 የታተመው የትምህርት ቤት መመሪያ፣ መምህሩ በዓመቱ መጨረሻ የእያንዳንዱን ተማሪ መልካም ጠባይና ጉድለት በመዝገብ እንዲያሰፍር ያዛል። ስለዚህ ጉድለትን መጻፍ በእንዲህ ዓይነት ትምህርት ቤት እንግዳ ነገር አይደለም። ያ መዝገብ የሚደርሰው ግን ለትምህርት ቤቱ ኃላፊና ልጁን ለሚረከበው መምህር ነው፤ የሚያነበው ሰው ልጁን የመርዳት ግዴታ አለበት። ያንተን መጽሔት የልጁ አክስት፣ አሠሪው፣ አንድ ቀን የሚወልደው ልጅም ያነቡታል። «ሁሉም ያውቃል» ስትል የክፍሉን ልጆች ማለትህ ነው፤ እነዚህ አያውቁም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2477 የሰውን ጉድለት ያለ በቂ ምክንያት ለማያውቁት መግለጥን በደል ይለዋል፤ ነገሩ እውነት ቢሆንም። ክፍል የደገመው ልጅ ራሱ ልናገረው ካለ፣ በራሱ ቃል ጥቅስ አድርገህ አስገባለት።

የክህነቱ ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ጥሪን የሚናገረው የተጠራው ነው። ወደ ዘርአ ክህነት (የካህናት ማሠልጠኛ) ገብቶ፣ አስቦና ጸልዮ መውጣት የዚያው መንገድ አንድ ክፍል ነው፤ በኅትመት «ካህን ይሆናል» የተባለ ልጅ ግን ሲወጣ እንደ ወደቀ ይቆጠርበታል። ገና ወደዚያ ያላሰበም ከሆነ አንተ ያልመረጠውን መንገድ አሸከምኸው። ያየኸውን ብቻ ጻፍ፤ ከቅዳሴ በፊት ሻማ የሚያበራው እሱ ከሆነ፣ ሻማ ያበራል በል። ክፍላችሁ ውስጥ ሌላ እምነት ያላቸው ልጆች ካሉ ደግሞ ሁሉንም በጸሎትና በቅዳሴ እየለካህ እንዳትጽፍ።

«ለማንም ይሆናል» ያለህ ልጅ ውለታ ነው የዋለልህ። «ጎበዝ፣ ትሑት፣ ተግባቢ፣ ታታሪ» የሚሉትን ከ46ቱም አውጣ። ማስታወሻውን ልጁ አንድ ነገር ሲያደርግ ጀምር፤ ቦታውና ሰዓቱ ይታወቅ፤ ለዚህ 40 ቃል ስጥ። ቀጥሎ ሲል የሰማኸውን አንዲት ንግግር ሳታሳምር አስገባ። የቀረው ሌሎች ከእሱ ያገኙትን ይያዝ። መጨረሻው ላይ ምኞትና ምርቃት አትጨምር፤ ምርቃቱን ሌሎች ገጾች ይሉታል። ጨርሰህ ስሙን ሸፍንና ለአንድ የክፍል ጓደኛ አንብብለት፤ እስከ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ማን እንደሆነ ካላወቀው እንደገና ጻፈው። ቀልድም በዚህ ይመዘን፤ በጉዞው ላይ ያልነበረች እናት ያለ ማብራሪያ ከገባትና ልጇን ካላሳፈረው ይግባ። የኳስ ቡድኑ ቀልድ በፊርማ ገጹ ላይ በየእጃቸው ይጻፉት።

ስለ ርዝመት የሚጨቃጨቁህን በወረቀቱ ቁጥር አሳምናቸው። በስቴፕል የሚሰፋ መጽሔት የገጹ ብዛት ለ4 መካፈል አለበት። 46 ልጅ በየገጹ ሁለት ሁለት ሲሆን 23 ገጽ ነው፤ የማስታወሻው ክፍል ከመክፈቻው ጋር 24 ይሞላል፣ አንድም ትርፍ የለውም። አንዱ 180 ቃል ከወሰደ የጎረቤቱ ፎቶ ይጠብባል፣ ሁለቱም ልክ ካለፉ ይህ ክፍል 25 ገጽ ይሆንና ማተሚያ ቤቱ 28 ያስከፍላችኋል። ስለዚህ ከ110 እስከ 125 ቃል፣ ለሁሉም። ቅደም ተከተሉ በፊደል ተራ ይሁን፤ ማን ቀደመ የሚል ክርክርም አብሮ ይዘጋል።

ረቂቅ ከእጅህ መነጠቁንም ዛሬ አቁመው። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ብቻ፣ ለብቻው ያንብብ፤ ሁለት ቀን ስጠው። የማይፈልገውን ዓረፍተ ነገር ምክንያት ሳይጠየቅ ማስወጣት ይችላል፤ ሙገሳ መጨመር ግን አይችልም። የወጣውን ዓረፍተ ነገር ለማንም አታሳይ።

ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ያለውን ሳምንት ለስም አጻጻፍ ተወው። ኃይሉና ሀይሉ፣ ፀጋዬና ጸጋዬ፣ ሠናይና ሰናይ በአንድ መጽሔት ውስጥ ይኖራሉ፤ አንድ ዓይነት ላድርጋቸው ብለህ እንዳትነካቸው፣ የሚያርመውም ሰው እንዳይነካቸው ንገረው። የመጨረሻውን ናሙና አትምና ልጁ በስሙ አጠገብ እንዲፈርም አድርግ። ያልፈረመ ልጅ ካለ መጽሔቱ አይሄድም።