በእናትሽ ሙት ዓመት ደብረ ሊባኖስ በእግር ለምትሄጂው

እህቴ፣ እግዜር ያጥናሽ። የእናትሽንም ነፍስ ይማር። የጠየቅሽው ለሙት ዓመታቸው ድግስ ከመደገስ ከአዲስ አበባ ደብረ ሊባኖስ በእግር ብትሄጂ፣ በስማቸው የተሰበሰበውንም ለአብነት ተማሪዎችና ለነዳያን ብትሰጪ ይሆን እንደሆነ ነው። ይሆናል። እኛም ለአባታችን አድርገነዋል። መንገዱ ቢያደክምም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ገንዘቡ ነው፤ ስለዚህ ከሱ ልጀምር።

“በኪሎ ሜትር ይህን ያህል እሰጣለሁ” የሚል ሰው አይጠፋም። ስትመለሺ ግን ስልክ አያነሳም። ከመነሳትሽ በፊት እጅሽ የገባውን ብቻ ቁጠሪ። በራስሽ የባንክ ሂሳብ ብቻ አትሰብስቢ፤ ከወንድም ወይም ከእህት ጋር በጣምራ ክፈቱ፤ ማን ስንት እንዳስገባም ለሁሉም አሳውቂ። ምሳችሁና አልጋችሁ ከኪሳችሁ ይሁን። “በሟች ስም በላች” ለማለት የሚቸኩል ዘመድ አይጠፋም፤ የኛም አልጠፋም ነበር።

ገዳሙ በር ላይ ደግሞ ብር አትበትኚ። በበዓል ቀን ነዳያኑ ብዙ ናቸው። አንድ ሰው ቦርሳውን ሲከፍት ካዩ ይከቡታል፤ ጉልበት ያለው ይቀበላል፣ ዓይነ ስውሩ እጁን እንደዘረጋ ይቀራል። ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ። ሰው አስቀድሞ ልኮ ምን እንደጎደለ መጠየቅ ነው። እኛ ብርድ ልብስ ስናስብ እነሱ እህልና ሳሙና አሉ። ገዝተን በመኪና ላክን፣ በካርኒ አስረከብን፣ ከዚያ ባዶ እጃችንን በእርጋታ ተጓዝን።

ቀኑን በተመለከተ፣ የገዳሙ መሥራች የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዋና ዋና በዓላት ሦስት ናቸው። ነሐሴ 24 ዕረፍታቸው ነው፤ ሰዉ ይበዛል፣ ዝናቡ ግን አይጣል ነው። ታኅሣሥ 24 ልደታቸው ነው፤ መንገዱ ደረቅ ነው፣ የሱሉልታ የሌሊት ብርድ ግን አጥንት ይገባል፣ ጾመ ነቢያትም ስለሆነ ስንቅሽ በሶና ቆሎ ነው። እኔ የምመርጠው ግንቦት 12ን፣ ፍልሰተ ዐፅማቸውን ነው። ሁልጊዜ በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለሚውል ጾም የለም። በ1929 ዓ.ም የፋሽስት ኢጣሊያው ግራዚያኒ የገዳሙን መነኮሳት ያስፈጀውም በዚሁ በዓል ሰሞን ስለሆነ፣ ሙት ለማሰብ ለሄደ ሰው ቦታው ራሱ ብቻህን አይደለህም ይልሃል። ሙት ዓመቱ ከነዚህ ካልገጠመ ወር በገባ በ24 መሄድ ይቻላል።

መንገዱ የጎጃም መንገድ ነው፤ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ። እንጦጦን ወጥተሽ ወደ ሱሉልታ ትወርጃለሽ፣ ከዚያ ጫንጮ፣ ሙከጡሪ፣ ደብረ ጽጌ። ጫንጮና ሙከጡሪ ብታድሩ ይመቻል። ከባድ መኪና ስለሚበዛ በግራ በኩል፣ መኪናው ፊት ለፊት እየመጣላችሁ ሂዱ። ከሁሉ በፊት ግን የሰሞኑን የመንገድ ሰላም ሾፌሮችን ጠይቁ። ካላማረ እስከ ገዳሙ መገንጠያ በመኪና ሄዳችሁ የመጨረሻዋን ቁልቁለት ብቻ በእግር ውረዱ። ስእለት አይደለም፣ የሚቆጣሽ የለም።

የእናትሽን የክርስትና ስም በወረቀት ጽፈሽ ያዢ። ካህናቱ የሚጠይቁሽ እሱን ነው፤ በመታወቂያ ስም ፍትሐት አይደረስም። እኛ ስንሄድ እህቴ የአባታችንን ስም በደብተር ጽፋ ይዛ ነበር። ሙከጡሪ ሻይ የጠጣንበት ቤት ሴትዮዋ ለማን እንደምንሄድ ሰማች። እጇን በሽርጧ ጠረግ አደረገችና “ወለተ ማርያም በይልኝ፣ እናቴ ናት” አለች። የሻዩንም ሂሳብ አልቀበልም ብላ ተጣላችን። ከጎኗ እንጀራ ይዘው የቆሙት አዛውንት የልጃቸውን ስም ጨመሩ። ደብረ ጽጌ ስንደርስ ገጹ ሞልቶ ነበር፤ አባታችን ካላወቃቸው ሰዎች ጋር አብሮ ተጠራ። ለኔ ከተሰበሰበው ብር ይልቅ ይሄ በለጠብኝ። አንቺም ባዶ ገጽ ያለው ደብተር ያዢ።

እግርን በተመለከተ፣ ለመንገድ ተብሎ አዲስ ጫማ አይገዛም። የለመደሽን አድርጊ፣ ጣቶችሽን ቫዝሊን ቀቢ፣ ካልሲ ቀይሪ። አብሮን የነበረ ጎረምሳ በገና ስጦታ ስኒከር ሊያምርብን ፈልጎ ሱሉልታ ሳይደርስ እግሩ ውሃ ቋጠረ፤ የቀረውን በሚኒባስ ተከተለን። ከዋናው መንገድ ወደ ቀኝ ከታጠፋችሁ በኋላ ያለው ቁልቁለት ጉልበት ላይ ስለሚመጣ ለትልልቆቹ ዱላ አይጥፋ።

መመለሻ መኪና አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። በበዓል ቀን ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም አንዴ ነው የሚወጣው፣ ዋጋውም እንደፈለጉ ነው። ፀበል የምትወስጂ ከሆነ ጀሪካኑን ከቤትሽ ያዢ።