ስትሪንግ በምልክት ይቆረጣል፣ ሊስት በቦታ

እህቴ፣ ከኮምቦልቻ የላክሽውን ጥያቄ ደጋግሜ አነበብሁት። የክፍል ጓደኞችሽን ስምና ውጤት በስልክ ጽፈሽ ፓይተን ወደሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ አስገብተሻል። መስመሮቹን ስትቆርጫቸው በመካከል ባዶ ስትሪንግ እየገባ አስቸገረሽ፤ የወጣውን ሊስት እንደገና ልትቆርጪ ስትሞክሪ «ሊስት ስፕሊት የለውም» የሚል ስህተት መጣብሽ፤ ተማሪዎቹን አምስት አምስት አድርጎ መመደብም እንዴት እንደሚቻል ጠየቅሽ። እኔ ደሴ ሆኜ ይህንኑ የሚመስል ሥራ ለሰፈራችን ቅሬ፣ ማለትም ለእድራችን፣ ስለሠራሁ ችግሩ ከየት እንደሚመጣ በደንብ አውቀዋለሁ። የትእዛዞቹን ስም እንደሚነበቡ እጽፍልሻለሁ፤ አንቺ ኮዱ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ትጽፊያቸዋለሽ።

ከስህተቱ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ ከእርሱ ይፈታል። ስትሪንግ የተያያዘ የፊደል ተርታ ነው። ፓይተን የት ላይ እንደሚቆርጠው የሚያውቀው አንቺ በምትነግሪው ምልክት ነው፤ ይህ የስፕሊት ሥራ ነው። ሊስት ግን ቀድሞውኑ የተቆራረጠ ነገር ነው። በአባላቱ መካከል የሚፈለግ ምልክት የለም፤ ያለው ተራ ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ የሚቆረጠው በቦታ ነው፤ ይህም ስላይስ ይባላል። አንቺ አንድ ጊዜ ስፕሊት አድርገሽ ሊስት በእጅሽ ከገባ በኋላ በዚያው ሊስት ላይ ስፕሊትን ጠራሽ። መቆረጥ የሚችሉት በውስጡ ያሉት ስትሪንጎች ናቸውና ፎር በሚባለው የመደጋገሚያ ትእዛዝ እየዞርሽ አንድ በአንድ ቁረጫቸው። በተጨማሪም ስፕሊት ዋናውን ስትሪንግ አይነካውም፤ አዲስ ሊስት ነው የሚሰጥሽ። ያንን ሊስት በስም ካልያዝሽው ሥራው ከንቱ ይቀራል።

ባዶዎቹ የመጡት ስፕሊት በሚለው ቃል ቅንፍ ውስጥ አንድ ክፍት ቦታ ስለጻፍሽ ነው። ፋጡማ ብለሽ ሁለት ክፍት ቦታ ትተሽ 78 ብትጽፊ፣ ፓይተን እያንዳንዱን ክፍት ቦታ እንደ አንድ መቁረጫ ይቆጥርና ሦስት ነገር ያወጣልሻል፤ ፋጡማ፣ ባዶ፣ 78። ቅንፉን ባዶ ብትተዪው ግን ክፍት ቦታው ሁለት ይሁን አምስት፣ ታብም ይሁን የመስመር መጨረሻ፣ እንደ አንድ መቁረጫ ይወስደውና ሁለቱን ብቻ ይሰጥሻል። በነጠላ ሰረዝ ስትቆርጪ ግን ባዶውን አትጥዪው፤ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንድ ተማሪ የመጀመሪያውን ፈተና ካልተፈተነ በሁለቱ ሰረዞች መካከል ያለው ባዶ ቦታ የዚያ ፈተና ቦታ ነው። እርሱን ካጠፋሽው የሁለተኛው ፈተና ውጤት ወደ አንደኛው ይንሸራተታል፤ የልጁም ድምር በማይገባው መንገድ ይበላሻል።

አሁን ብዙ ሰዓት ወደ ፈጀብኝ ነገር ልምጣ። የቅሬያችን ጸሐፊ ትልቅ ሰው ናቸው፤ በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ እየተደረገ የሚጻፍበትን ሥርዓት ተምረው ያደጉ። የአባላቱን ስምና ወርሃዊ መዋጮ በስልካቸው ጽፈው ላኩልኝ፤ ንጹሕ፣ አንድም ስም ያልተዛነፈበት ጽሑፍ ነበር። ቅንፉን ባዶ አድርጌ ስፕሊት ብል እያንዳንዱ መስመር ሳይቆረጥ አንድ ጥቅል ሆኖ ወጣ። ፓይተን የእኛን ሁለት ነጥብ እንደ ክፍት ቦታ አይቆጥረውም፤ ለእርሱ እንደማንኛውም ሥርዓተ ነጥብ ነው። እሺ ብዬ ቅንፉ ውስጥ ሁለት ነጥብ ጻፍሁ። አብዛኛው ተቆረጠ፣ የተወሰኑት መስመሮች ግን እንደነበሩ ቀሩ። ዓይኔን አምኜ ብዙ ፈተሽሁ፤ መስመሮቹ ምንም ልዩነት የላቸውም።

ልዩነቱን ያሳየኝ ኦርድ የሚባለው ትእዛዝ ነው፤ የአንድን ፊደል ቁጥር ይነግርሻል። ከተቆረጠው መስመር ሁለት ነጥቡን ወስጄ ብሰጠው 4961 አለ። ካልተቆረጠው ወስጄ ብሰጠው 58 አለ። ሁለተኛው የእንግሊዝኛው ኮለን ነበር፤ ስልኩ አንዳንድ ቦታ ላይ የፊደል ገበታው ሲቀየር እርሱን ጽፏል። በመልክ መንታ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን ፈጽሞ አይተዋወቁም። የአማርኛው ነጠላ ሰረዝና የእንግሊዝኛው ኮማም ለኮምፒውተር የተለያዩ ናቸው፤ አራት ነጥብም ሁለት ኮለን ተደጋግሞ የሚጻፍበት ጊዜ አለ። ያንቺም ጽሑፍ በስልክ የተጻፈ ስለሆነ ይህንን አጥብቄ እጠረጥራለሁ። መፍትሔው ከመቁረጥ በፊት በሪፕሌስ ሁሉንም ወደ አንድ ምልክት መለወጥ ነው። እኔ ሁለቱንም ወደ ክፍት ቦታ ለወጥኋቸውና ስፕሊትን በባዶ ቅንፍ ጠራሁት፤ መስመሮቹ በሙሉ ተቆረጡ።

ከዚያ በኋላ የስም ጉዳይ መጣ። በእኛ ቅሬ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ መዝገብ ነው ያለው። ኑር ሁሴን ወይም ወልደ ማርያም የሚባል አባል ስሙ ራሱ ሁለት ቃል ነው፤ «ሦስተኛው ቃል የአያት ስም ነው» ብለሽ ከቆጠርሽ ሰውየውን ሌላ ሰው ታደርጊዋለሽ። የሰው ስም መበላሸት ደግሞ በመዝገብ ላይ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ከቀኝ ቁረጪ፤ አርስፕሊት የሚባለው ከመጨረሻው ይጀምራል። ማክስስፕሊት በሚለው ቦታ 2 ብትሰጪው ከቀኝ ሁለት ጊዜ ብቻ ቆርጦ ያቆማል። «ወልደ ማርያም ተሰማ 78 85» የሚለው መስመር ሙሉ ስሙ ሳይነካ፣ ሁለቱ ውጤቶች ለየብቻ ሆነው ይወጣሉ። ውጤት የሌለው ተማሪ ካለ ግን ይህ መንገድ አያዋጣም፤ በነጠላ ሰረዝ መለየቱ ይሻላል።

አምስት አምስት አድርጎ መመደቡ ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ የስላይስን ድንበር ከተረዳሽ። ቆጠራው ከ0 ይጀምራል፤ የመጀመሪያው ቁጥር ይገባል፣ የመጨረሻው አይገባም። በከተማሽ ስም ሞክሪው፤ ስላይስ በስትሪንግም ላይ ይሠራል። ኮምቦልቻ አምስት ፊደል ነው። ከ0 እስከ 2 ብትቆርጪ «ኮም»፣ ከ2 እስከ መጨረሻ ብትቆርጪ «ቦልቻ» ይወጣል። 2 በሁለቱም ተጠርቷል፤ ሆኖም የተደገመም የተዘለለም ፊደል የለም። መጨረሻው የማይገባበት ጥቅሙ ይህ ነው።

ስለዚህ ቁጥሮችን በተርታ የሚያወጣውን ሬንጅን ከ0 ጀምሮ እስከ ሊስቱ ርዝመት በ5 እየዘለለ እንዲሄድ አድርጊው፤ በየደረሰበት ቁጥር ላይ ከዚያ ቁጥር እስከ ቁጥሩ ሲደመር 5 ቁረጪ። ተማሪዎቹ 23 ቢሆኑ መነሻዎቹ 0፣ 5፣ 10፣ 15 እና 20 ይሆናሉ፤ የመጨረሻው ቡድን ሦስት ሰው ይይዛል። ከ20 እስከ 25 ማለት ከሊስቱ ማለፍ ነው፤ ስላይስ ግን ያለውን ሰጥቶ ያቆማል፣ ስህተት አያወጣም። አንዱን አባል ብቻ በ25 ብትጠሪ ነው የሚቆጣው።

ፋይሉን ስትከፍቺ ኢንኮዲንጉ፣ ማለትም ፊደል በኮምፒውተር የሚቀመጥበት ሥርዓት፣ ዩቲኤፍ 8 መሆኑን በግልጽ ጻፊ፤ በተለይ ዊንዶውስ ላይ ይህ ካልተጻፈ ፊደላችን ሊበላሽ ይችላል። ከዚያ ካስቸገሩሽ መስመሮች አንዱን በሪፕር አትሚው፤ ታቡንና የመስመር መጨረሻውን ግልጽ አድርጎ ያሳያል። የሁለት ነጥቡንና የሰረዙን የኦርድ ቁጥርም ጨምሪበትና እዚሁ ለጥፊው። ማታ ከሥራ ስመለስ አየዋለሁ።