የአንባቢያን ጥያቄ፦ ደብረ ሊባኖስ፣ የፖርቹጋል ድልድይና ጭላዳዎቹ

ጥያቄ፦ ኅዳር ላይ እናቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ደብረ ሊባኖስን ለመሳለም አስቤያለሁ። እግረ መንገዳችንን የፖርቹጋል ድልድይን ማየትና ጭላዳ ዝንጀሮ ለልጆቹ ማሳየት እፈልጋለሁ። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። ትችለዋለች? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እስከ አፋፉ ድረስ አዎ፤ ከዚያ በታች በጉልበታቸው ይወሰናል። ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። ጭላዳ የሚያድረው ገደሉ ወገብ ላይ ባሉ ጠባብ እርከኖች ነው፤ ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ላይ ወጥቶ ሣር ይግጣል። ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት አፋፉ አካባቢ የማግኘት ዕድልዎ ጥሩ ነው። እኩለ ቀን ላይ ግጦሹን ተከትሎ ይርቃል፤ ከ10 ሰዓት በኋላ ወደ ማደሪያው መውረድ ይጀምራል። ስለዚህ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥተው በሱሉልታ፣ በጫንጮና በሙከ ጡሪ በኩል 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዙ፤ መጀመሪያ ድልድዩን፣ ከዚያ ገዳሙን ይያዙ። እናትዎ «ሳንሳለም ወዴት?» ካሉ አይከራከሯቸው፤ ያኔ ጭላዳውን ከ10 ሰዓት በኋላ ሲወርድ ያዩታል፣ መመለሻው ግን ይመሽብዎታል።

ቀኑን ሲመርጡ 24ን ይለፉ። በወርኃዊው የተክለ ሃይማኖት በዓል መንገዱም አፋፉም በሰው ይሞላል፤ ጭላዳውም ከግርግሩ ይሸሻል።

ወደ ድልድዩ የሚወስደው የእግር መንገድ የሚጀምረው ወደ ገዳሙ ከሚወርደው መገንጠያ አጠገብ ነው። ለመግቢያና ለአስጎብኚ ዝርዝር ብር ይያዙ፤ የአስጎብኚውን ዋጋ ሳይነሡ ይነጋገሩ። ቁልቁለቱ አጭር ቢሆንም ድንጋያማ ነው። ጉልበት የሚያመው ሰው የሚቸገረው ሲወጣ ሳይሆን ሲወርድ ነው፤ ምርኩዝ ያስይዟቸው፣ ወደ ጎን እየተራመዱ ይውረዱ። ካመማቸው ላይ ሆነው ሸለቆውን ይዩ፤ እውነቱን ለመናገር ትልቁ እይታ ያለው እዚያው ነው። ድልድዩ ስሙ ፖርቹጋል ይባል እንጂ ያሠሩት የሰላሌው ገዥ ራስ ዳርጌ እንደሆኑ ነው የሚነገረው።

ለቤተ ክርስቲያን የሚደረገው ለስላሳ ሶል ጫማ ድንጋዩ ላይ ያንሸራትታል፤ ሸራ ጫማ ይቀይሩ። ነጠላውንም ያደግድጉት፤ ከሸለቆው የሚነሣው ነፋስ ፊት ላይ ሲጠቀልለው ሰው እግሩን የሚያሳርፍበትን አያይም። ከገደሉ ጫፍ ቢያንስ አምስት እርምጃ ይራቁ። ጫፉ ላይ ያለው ሣር ከሥሩ ባዶ የሆነውን ስንጥቅ ይሸፍናል፤ ፎቶ ለመነሣት ወደ ኋላ መራመድ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። የልጆቹን እጅ ድልድዩም ላይ አይልቀቁ።

ኅዳር ጥሩ ምርጫ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ድልድዩ አጠገብ ያለውን ፏፏቴ ሞልቶ ለማየት የሚሻ ግን መስከረም ወይም ጥቅምት መጀመሪያ ይሂድ። በሐምሌና በነሐሴ ጉም ሸለቆውን ይሸፍነዋል፤ ከላይ የዘነበ ዝናብም ወንዙን በድንገት ይሞላዋል። የመንገዱን ሰላም ከመነሣትዎ በፊት አካባቢውን ከሚያውቅ ሰው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ለጭላዳ ዳቦ ብንሰጠው ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ጭላዳ ሣር በል ነው። ዳቦና ቆሎ የለመደ መንጋ ከሰው እጅ መንጠቅ ይጀምራል፤ ከዚያ ወደ ገበሬው ማሳ ይገባል፣ በድንጋይና በውሻ ይባረራል። ዕዳውን የሚከፍለው ገበሬውና እንስሳው ነው። አሥር ሜትር ያህል ርቀው ዝም ብለው ይቀመጡ፤ እየጋጠ ራሱ ይጠጋል። ወንዱ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ካሳየ ፈገግታ አይደለም፤ ዓይኑን ሳያፈጡበት ቀስ ብለው ወደ ጎን ይራቁ። ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት የሌለው፣ አፈ ረጅሙ ግን ጭላዳ ሳይሆን ተራው ዝንጀሮ ነው። እሱ ካለ ስንቅዎን ቦርሳ ውስጥ ይዝጉት፤ ፌስታል ከሩቅ ያውቃል።

ጥያቄ፦ ገደሉ ላይ አጥንት ይዞ የሚበር አሞራ አየሁ። ምንድን ነው?

መልስ፦ ጺማሙ አሞራ ነው። አጥንቱን ከፍ ካለ ቦታ ዐለት ላይ ጥሎ ይሰብርና ስብርባሪውን ይውጣል። ከአብዛኛው ሌላ ጥንብ አንሳ በጅራቱ ይለዩታል፦ የእሱ ረጅምና እንደ ጦር ጫፍ የሾለ ነው፤ የአብዛኛው ሌላ አጭርና ሰፊ ነው።