ከሻርጃ ወደ ዱባይ ሥራ ለመቀየር፤ መልቀቂያው መቼ ይግባ?

እህቴ፣ የጻፍሽልን ባጭሩ ይህ ነው፦ ሻርጃ ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ በነርስነት 14 ወር ሠርተሻል። መነሻ ደመወዝሽ 3,000 ድርሃም ነው፤ ከአበል ጋር 4,500 ይደርሳል። ውልሽ የ60 ቀን ማስጠንቀቂያ ይጠይቃል። አሁን የዓመት ፈቃድ ወስደሽ ጅማ ገብተሻል። ዱባይ ያለ ሆስፒታል 6,000 ሊከፍልሽ ፈልጓል፤ ያገናኘሽ ደላላ ግን «ወደ ክሊኒኩ አትመለሺ፣ የድሮው ቪዛ ራሱ ይሞታል፤ በጉብኝት ቪዛ አስገባሻለሁ» ብሎሻል።

ሆስፒታሉን ተቀበዪ፣ ደላላውን ግን አትስሚው። የሙከራ ጊዜሽን ስለጨረስሽ ለመልቀቅ የቀጣሪሽ ፈቃድ አያስፈልግሽም፤ በጽሑፍ አስጠንቅቀሽ የውሉን ቀን መሥራት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣውና ከየካቲት 2022 ጀምሮ የሚሠራበት የኤምሬትስ የሠራተኛ ሕግ ይህን መብት ይሰጥሻል፤ የማስጠንቀቂያው ጊዜም ከ30 እስከ 90 ቀን ነው።

ሳትመለሺ ብትቀሪስ? ያለ በቂ ምክንያት ከ7 ተከታታይ ቀን በላይ ከሥራ የቀረን ሠራተኛ ቀጣሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት፣ «ሥራ ጥሎ ጠፍቷል» ብሎም ሊያመለክት ይችላል። እንዲህ የጠፋ የውጭ አገር ሠራተኛ ደግሞ ለአንድ ዓመት አዲስ የሥራ ፈቃድ ይከለከላል። ሂሳቡንም እንየው። ማስጠንቀቂያውን ሠርተሽ ብትለቂ 16 ወር ይሞላሻል። ስትለቂ የሚሰጥሽ የአገልግሎት ክፍያ በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ለየዓመቱ የ21 ቀን መነሻ ደመወዝ ስለሆነ፣ ላንቺ በዓመት 2,100፣ ለ16 ወር 2,800 ድርሃም ይመጣል። ዝም ብለሽ ከጠፋሽ ግን ላልሠራሽው 60 ቀን የሁለት ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ማለትም 9,000 ድርሃም፣ ቀጣሪሽ ሊጠይቅሽ ይችላል። ደላላው ይህን አይነግርሽም፤ ኮሚሽኑን ተቀብሎ ነገሩ ያበቃለታል። በጉብኝት ቪዛ መሥራትም ክልክል ነው። ከ2024 ወዲህ ያለ ሥራ ፈቃድ የሚያሠራ ቀጣሪ ከ100,000 እስከ 1 ሚሊዮን ድርሃም ይቀጣል፤ ደህና ሆስፒታል ይህን አያደርገውም። ቀጣሪው በእርግጥ ሆስፒታሉ መሆኑን ራስሽ አጣሪ።

አሁን ለነርስ ከቪዛው ይልቅ ጣጣ ወዳለበት ወደ ሙያ ፈቃዱ እንምጣ። ሻርጃ የምትሠሪው በፌዴራሉ ጤና ሚኒስቴር ፈቃድ ነው። ዱባይ ግን የራሱ የጤና ባለሥልጣን አለው፤ ሆስፒታሉ ዱባይ ሄልዝኬር ሲቲ ግቢ ውስጥ ከሆነ ደግሞ እዚያም ሌላ ተቆጣጣሪ አለ። የትኛው እንደሆነ ቀድመሽ ጠይቂ። የዱባዩ ባለሥልጣን ከሆነ ሸርያን በተባለው ሥርዓቱ አመልክተሽ የብቁነት ደብዳቤ ትወስጃለሽ፤ ሆስፒታሉ ፈቃዱን በስሙ የሚያስነቃው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ደብዳቤና የተፈረመ የሥራ ቅጥር ስምምነት እጅሽ ሳይገባ መልቀቂያ አታስገቢ። ብዙዎች ቅደም ተከተሉን ገልብጠው መኖሪያ ፈቃዳቸው ተሰርዞ፣ የሙያ ፈቃዱም ሳይወጣላቸው ቀን እየቆጠሩ ይቀመጣሉ።

የትምህርትና የልምድ ማስረጃን ከምንጩ የሚያጣራው ድርጅት፣ ዳታፍሎው፣ ቀድሞ የሠራልሽ የማጣሪያ ሪፖርት ወደ አዲሱ ተቆጣጣሪ ሊዛወር ይችላል። የሻርጃው የሥራ ልምድሽ ግን ገና መጣራት አለበት፤ የሚጠየቀውም አሁን ያለሽበት ክሊኒክ ነው። ተጣልተሽ እንዳትወጪ የምመክርሽ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ጅማ ሳለሽ የምትሠሪው የቤት ሥራ አለ። ፓስፖርትሽን፣ ዲግሪሽንና ትራንስክሪፕትሽን ጎን ለጎን አስቀምጠሽ ስምሽን ፊደል በፊደል አነጻጽሪ። የእኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ጋ በአንድ «ኤስ»፣ ሌላው ጋ በሁለት ይሆንና ማጣሪያው «አይመሳሰልም» ብሎ ይመልሰዋል። ልዩነት ካለ ዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ሄደሽ ሁለቱም ስሞች ያንቺ መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ አጽፊ። ቀኖቹንም እይ፤ ከጅማ የወሰድሽው የልምድ ደብዳቤ በእኛ ዘመን አቆጣጠር 2011 ካለ፣ ሲቪሽ 2019 ካለ፣ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልተጻፈ ባዶ ስምንት ዓመት ያስመስለዋል። እስካሁን ያለሽ ጊዜያዊ ዲግሪ ብቻ ከሆነ የኮስት ሼሪንግ ክፍያሽን ጨርሰሽ ዋናውን አውጪ። ከተመለስሽ በኋላ ይህ ሁሉ ውክልና ይጠይቃል፤ ዘመድም አዲስ አበባና ጅማ ይመላለስበታል።

ስለ 6,000ው አንድ ነገር ጠይቂ፤ መነሻው ስንት ነው? 2,000 መነሻ፣ 4,000 አበል ከሆነ የአገልግሎት ክፍያሽ አሁን ካለሽበት ያነሰ ይሆናል። አዲስ የሙከራ ጊዜም አለ፤ እስከ 6 ወር ሊደርስ ይችላል፣ በዚያ ውስጥ በ14 ቀን ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱሽ ይችላሉ። የቅጥር ወጪ ክፈይ ካሉሽ ሕጉ ይከለክላል።

ስትለቂ መልቀቂያውን በኢሜይል ላኪ፣ ቀኑ ይታያል። ክሊኒኩ ሂሳብሽን በ14 ቀን ውስጥ መክፈል አለበት፤ የልምድ ደብዳቤም በነፃ ይሰጥሻል። የሥራ ፈቃድ ስረዛ ወረቀቱ ላይ «መብቴን ሁሉ ተቀብያለሁ» የሚል አለበት። ገንዘቡ ባንክሽ ሳይገባ አትፈርሚበት፤ ከፈረምሽ በኋላ አልተከፈለኝም ማለት ከባድ ነው። ሲሰረዝ ደግሞ እስከ መቼ መቆየት እንደምትችዪ ይነገርሻል፤ ያን ቀን ለአዲሱ ሆስፒታል ወዲያው አሳውቂ። ባንክ ብድር ካለብሽ የመጨረሻው ክፍያ ሲገባ ሂሳብሽ ሊታገድ ስለሚችል፣ አዲሱን የሥራ ቅጥር ደብዳቤ ይዘሽ አስቀድመሽ አነጋግሪያቸው።