ሴሉንና ዘሩን የሚያያይዘው ክር

ልጆቼ፣

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ባዮሎጂ የያዛችሁ፣ በተለይ የሴል ባዮሎጂና የጄኔቲክስ መግቢያ ላይ የደረሳችሁ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በሰብል ማዳቀል ሥራ ነው። መሃል ላይም ጥቂት ዓመታት አስተምሬያለሁ። ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ሀንድአውቷን ታቅፋ መጣችና "ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ስም እንዴት ብዬ ነው የምሸመድደው?" አለችኝ። አብረን ቁጭ አልን፤ ሳናውቀው መሸብን። ለሷ ያልኳትን እናንተም ብትሰሙት ይጠቅማችኋል ብዬ አሰብኩ።

ፍሬሽማን ሳለሁ ቸካይ ነበርኩ። ፕሮፌዝ፣ ሜታፌዝ፣ አናፌዝ፣ ቴሎፌዝ እያልኩ ዶርም ውስጥ እንደ ዳዊት ነበር የምደግመው። ሚድ ላይ የመጣው ጥያቄ ግን እንዲህ ይላል፦ "ስምንት ክሮሞሶም ያለው አንድ ሴል የመጀመሪያውን የሚዮሲስ ክፍፍል ሲጨርስ በየሴሉ ስንት ክሮሞሶምና ስንት ክሮማቲድ ይኖራል?" ክሮሞሶም ማለት በሴሉ ውስጥ ውርስን የሚሸከመው ክር ነው፤ ክሮማቲድ ክሩ ሲቀዳ ከሚገኙት ሁለት መንትያ ቅጂዎች አንዱ ነው፤ ሚዮሲስ ደግሞ የዘር ሴል የሚሠራበት ክፍፍል ነው። ጥያቄውን ደጋግሜ አነበብኩት። የደረጃዎቹን ስም ሁሉ አውቃለሁ። ውስጡ ምን እንደሚካሄድ ግን አላውቅም ነበር። ባዶ ትቼው ወጣሁ። ያን ቀን የተሰማኝ ነገር እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

ቆይቶ ሲገባኝ ችግሩ ስንፍና አልነበረም። ኮርሱ ራሱ ነገሩን ለሁለት ከፍሎ ነው የሚያቀርበው። የሴል ክፍፍል አንድ ምዕራፍ ነው፤ ሚድ ላይ ይጠየቃል። አተር እያዳቀለ ውርስን ያጠናው ሜንደልና አተሮቹ ሌላ ምዕራፍ ናቸው፤ ፋይናል ላይ ይመጣሉ። ተማሪው የመጀመሪያውን ሸምድዶ ይጥለውና ሁለተኛውን እንደ አዲስ ትምህርት ይጀምረዋል። ነገሩ ግን አንድ ነው። ሜንደል አትክልት ቦታው ውስጥ ሲቆጥር የነበረው ሚዮሲስ የሚያመጣውን ውጤት ነው።

እሱ ግን ይህን አያውቅም ነበር። በ1866 እ.ኤ.አ. ጽሑፉን ሲያሳትም ክሮሞሶም የሚባል ነገር ስሙ እንኳ አልነበረም። ቆጠረ ብቻ። በአንዱ ሙከራው 5474 ክብ፣ 1850 የተሸበሸበ አተር አገኘ። እስቲ አካፍሉት። ሦስት ለአንድ ይጠጋል እንጂ ልክ ሦስት አይመጣም። ዕድል ያለበት ነገር ሲቆጠር እንዲህ ነው። ሥራው ከ30 ዓመት በላይ ተረስቶ በ1900 እንደገና ተነሣ። የሜንደልን ቆጠራና የሴል ክፍፍልን ካገናኙት አንዱ ዋልተር ሰተን የሚባል አሜሪካዊ ተማሪ ነው። የፌንጣ ሴል በማይክሮስኮፕ ያይ ነበር። ክሮሞሶሞቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ቆመው፣ ከዚያ ሲለያዩ ሲያይ ሜንደል የቆጠረው ይሄንኑ መሆኑ ገባው። በ1902 እና በ1903 ጻፈው። ያኔ ዕድሜው ገና 25 አካባቢ ነበር። በዚያው ሰሞን ጀርመናዊው ቴዎዶር ቦቬሪም በራሱ መንገድ እዚያው ደርሶ ነበር። ሰተን ከእናንተ ብዙም የማይበልጥ ልጅ እንደነበር ልብ በሉልኝ።

አሁን ለእህቴ ልጅ ያሳየኋትን ልንገራችሁ። ከሱቅ ቀይና ሰማያዊ ክር አስመጣሁ። ቀዩ ከእናት የመጣ፣ ሰማያዊው ከአባት የመጣ ይሁን። ከየቀለሙ አንድ ረጅምና አንድ አጭር ቁረጡ። አራት ክሮሞሶም ያለው ሴል ሆነ። ትልቅ ወረቀት ላይ ክብ ሥሩና ውስጡ አስቀምጧቸው። ሴሉ ከመከፈሉ በፊት ክሮሞሶሙን ይገለብጣል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ክር መሳዩን ቁረጡና መሃሉ ላይ አንድ ላይ ቋጥሩት። አሁን ረጅሙን ቀይ ከረጅሙ ሰማያዊ ጎን፣ አጭሩን ካጭሩ ጎን አቁሙ። ከዚያ ጥንዱን ለያዩት። እዚህ ጋ እጃችሁን ያዝ አድርጉ! ቋጠሮውን አትፍቱ። የመጀመሪያው ክፍፍል ጥንዱን ነው የሚለያየው፤ ቋጠሮው የሚፈታው በሁለተኛው ነው። በክራችሁ በየሴሉ ሁለት ክሮሞሶም፣ አራት ክሮማቲድ ቀረ። ያ ባዶ ትቼው የወጣሁት ጥያቄ መልሱም እዚህ አለ፤ እዚያ መነሻው ስምንት ስለነበር እጥፍ ነው፦ በየሴሉ አራት ክሮሞሶም፣ ስምንት ክሮማቲድ። ልጅቷ ቋጠሮውን ይዛ "በቃ ይሄው ነው?" አለችኝ። ይሄው ነው።

ከዚያ ረጅሙ ቀይ ላይ "ክብ"፣ ረጅሙ ሰማያዊ ላይ "ሽብሽብ" የሚል ብጣሽ ወረቀት ለጥፉና እንደገና ሥሩት። አጭሮቹን አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ በኩል አቁሟቸው። ሜንደል እዚያ ወረቀት ላይ ይመጣል። በሁለት ጥንድ ክር አራት ዓይነት ሴል ታገኛላችሁ። ሰው 23 ጥንድ አለው፤ 23 ሁለቶችን እርስ በርስ ስታባዙ ከ8 ሚሊዮን በላይ ይሆናል። ይህ ጥንዶቹ ቁርጥራጭ ሳይለዋወጡ ነው። የአንድ እናትና አባት ልጆች ለምን እንደማይመሳሰሉ አሁን አያስገርምም።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ በአማርኛ "በደሙ አለ"፣ "ደሙ ነው" እንላለን። አባባሉ ቆንጆ ነው፤ ለፈተና ግን አይሆንም። ውርስ በደም አይሄድም። የበሰለ የሰው ቀይ የደም ሴል ኒውክለስ (ክሮሞሶሙ የሚቀመጥበት የሴሉ እምብርት) እንኳ የለውም። የደም ዓይነታችንም ቢሆን የሚወረሰው በወንዱና በሴቷ የዘር ሴል በኩል ነው። ለዚህ ነው ኤ የሆነ አባትና ቢ የሆነች እናት ኦ የሆነ ልጅ ሊወልዱ የሚችሉት። ሁለቱም የተደበቀ ኦ ከያዙ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ይህን ባለማወቅ ስንት ቤት ሰላም እንዳጣ እኔ አይቻለሁ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ልጅ ሳለሁ ጎረቤታችን የነበረች ሴት አራት ሴቶች ልጆች ወለደች። ባሏ "ወንድ የማትሰጠኝ" እያለ ያስለቅሳት ነበር። በመጨረሻ ሌላ አገባ። ዘመድ ሁሉ ጥፋቱን እሷ ላይ ጣለ። እሷም አመነች። ስለት ትሳል ነበር። እኔም እንደ ሰፈሩ ሰው አምኜ ነው ያደግኩት። ከዓመታት በኋላ ክፍል ውስጥ ጾታን የሚወስኑት የአባት ኤክስና ዋይ ክሮሞሶሞች ሲለያዩ ሰሌዳ ላይ ሲሣል ሳይ እሷ ትዝ አለችኝ። እናት ሁልጊዜ የምትሰጠው ኤክስ ነው። ሴት የሚያደርገው ኤክስ ወይም ወንድ የሚያደርገው ዋይ የሚመጣው ከአባት ነው። አራት ሴት ከተወለዱ በኋላም ለአምስተኛው ዕድሉ ያው ግማሽ በግማሽ ነው፤ ሚዮሲስ ያለፈውን አያስታውስም። ይህን የሚነግራት ሰው አላገኘችም። እናንተ ግን ትናገራላችሁ። በዓል ሄዳችሁ ቤተሰብ መሃል እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሣ ዝም አትበሉ።

ስለ እናት ካነሣሁ ይህንንም ስሙኝ። የሴት ልጅ የእንቁላል ሴሎች ሚዮሲስ የሚጀምሩት ገና በእናቷ ማህፀን ሳለች ነው። እዚያው ይቆማሉ፤ ለዓመታት። ስለዚህ እናንተ የሆናችሁበት እንቁላል ሚዮሲሱን የጀመረው እናታችሁ በአያታችሁ ማህፀን ሳለች ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ይል ነበር።

ወደ ላብ (ላቦራቶሪ) ልምጣ። ላብ ገብታችሁ የጓደኛችሁን ሥዕል አትገልብጡ። መጽሐፍ ላይ ያለውንም ጭምር። የሰው ክሮሞሶም 48 ነው ተብሎ ከ30 ዓመት በላይ በየመጽሐፉ ተጽፏል። ቲዮና ሌቫን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1956 ጥሩ ስላይድ ሠርተው ሲቆጥሩ 46 ሆነ። ከዚያ በፊት ማይክሮስኮፕ ያዩ ብዙ ሰዎች ነበሩ። 48 እንዲያዩ ስለተነገራቸው ግን 48 አዩ። እናንተ ያያችሁትን ብቻ ሣሉ። ደብዛዛ ከሆነ ደብዛዛውን ሣሉ።

ይህ ትምህርት ለፈተና ብቻ ለሚመስላችሁ ደግሞ የጤፍን ነገር ልንገራችሁ። ጤፍ ራሷን ነው የምታዳቅለው፤ አበባዋም እጅግ ጥቃቅን ነው። ስለዚህ ጤፍን በእጅ ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ይታመን ነበር። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ታረቀ በርሄ የተባሉ ተመራማሪ የጤፍ አበባ የሚከፈትበትን ሰዓት አገኙ። ማለዳ ነው፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ግድም፣ ያውም ከአንድ ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ። በዚያች ደቂቃ መድረስ ነው። ማታ በማይክሮስኮፕ ሥር ጎንበስ ብላችሁ ከአበባዋ ሦስቱን የወንዴ ክፍሎች በቀጭን መቆንጠጫ ትለቅማላችሁ። እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ አበባዋ ሄደች። ጠዋት የሌላዋን አበባ የወንዴ ዱቄት (ፖለን) ታመጣላችሁ። ደብረ ዘይት ላይ እንዲህ ተዳቅሎ በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው ቁንጮ የሚባለው ጤፍ አንዱ ወላጁ ምርታማ፣ ሌላው እጅግ ነጭ ነበር። ሁለቱ ጸባይ በአንድ ተክል ላይ የተገናኘው እናንተ በክር የሠራችሁት ነገር በጤፍ አበባ ውስጥ ስለተካሄደ ነው። ጤፍ 40 ክሮሞሶም አላት፤ ክሩ በዛ እንጂ ሥራው ያው ነው። ዛሬ የምትበሉት ነጭ እንጀራ ከዚያ ማለዳ የመጣ ሊሆን ይችላል።

አሁን ሥራ ልስጣችሁ። አንድ ቀይ ሽንኩርት ውሰዱና ሥሩ በኩል ያለውን ደረቅ ነገር በቢላ ጠርጉት። አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ውሃ ሙሉና ታችኛው ጫፉ ውሃውን ብቻ እንዲነካ አስቀምጡት። ነጭ ሥር ሲያወጣ ወደ ላብ ይዛችሁ ግቡ። የሚቆረጠው ጫፉ ነው፤ አንድ ሁለት ሚሊሜትር ብቻ። የሚከፈሉት ሴሎች ያሉት እዚያ ነው። ወደ ላይ ወጣ ብላችሁ ከቆረጣችሁ የተሳቡ ረጃጅም ሴሎች እንጂ ክሮሞሶም አታዩም። በአሲድ አለስልሱት፣ ቀለም አጠጡት፣ ከቨር ስሊፑን (ቀጭኑን መሸፈኛ መስታወት) ጣሉበትና በወረቀት ሸፍናችሁ በአውራ ጣታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ተጫኑት። አታንሸራትቱት። ከተሳካላችሁ 16 ክሮች ትቆጥራላችሁ። ሥሩ እስኪወጣ ሦስት አራት ቀን ይፈጃል። እስከዚያ ቀይና ሰማያዊ ክራችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ።